ሆድ ለባሰው ማጭድ፦ «ተበልጠናል» የሚል ስሜት እንዴት የብሔር ግጭት ይሆናል?

በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ርዕስ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የተከራከርንበት ነው። በቡድኖች መካከል ያለ የኑሮና የሥልጣን ልዩነት፣ ወይም «አለ» ብለን ያመንነው ልዩነት፣ እንዴት ወደ ብሔር ግጭት ያመራል? ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ከማቅረቤ በፊት ግን ነገሩን ከዶርም ልጀምረው፤ ጽንሰ ሐሳቡ በደንብ የገባኝ እዚያ ነውና።

አንደኛ ዓመት ሳለሁ በግቢያችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። የእኛ ብሎክ ልጆች «ለወዲያኛው ብሎክ ውሃ በየቀኑ ይመጣል» ብለን አምነን ነበር። ማን እንደነገረን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ማታ ጄሪካን ተሸክመን ስንመለስ አንዱ የዶርሜ ልጅ «እነሱማ ሰው አላቸው!» አለ። በማግስቱ ሁላችንም ያንኑ እንደግም ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ «የወዲያኛው ብሎክ ልጆች» መባሉ ቀረና ብሎኩ በአንድ ብሔር ስም መጠራት ጀመረ። የሚገርመው ያ ብሎክ እንደ እኛው ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ የሞላበት ነው፤ ዶርም የተደለደለው በስም ፊደል ተራ ነበር። እኔም ይህን ካወሩት አንዱ ነበርኩ፣ አልዋሽም።

አንድ ቅዳሜ ሃንድአውት ልዋስ ወደዚያ ብሎክ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ባዶ ባልዲ ተደርድሯል። የክፍሌን ልጅ «እናንተም ጋ የለም እንዴ?» ብለው፣ «እናንተ ምን አለባችሁ! ታንከሩም ጄኔሬተሩም ከናንተ ጎን ነው» ብሎ መለሰልኝ። ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ቆጠርን። እነሱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እኛ ሁለት ቀን እናገኛለን። ምክንያቱም የእኛ ብሎክ ከፍታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው አይደርስም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ልዩነቱ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን አንዷ ቀን «ሁልጊዜ» ሆነች፣ የቧንቧው ግፊት «ሰው አላቸው» ሆነ፣ ብሎኩ ደግሞ ብሔር ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እነዚህ ሦስት ለውጦች እንዴት እንደሚመጡ ማየት ነው።

ድህነት ብቻውን ሰው አያጋድልም

ብዙዎቻችን «ሰው የሚጣላው ስለተራበ ነው» ብለን እናስባለን። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ እጅግ ድሃ የሆኑ አካባቢዎች ሁሉ ሁልጊዜ በጦርነት ላይ በሆኑ ነበር። ግን አይደሉም። ሰው ኑሮውን የሚመዝነው በባዶው ሳይሆን ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር እያስተያየ ነው።

ለዚህ በማኅበራዊ ሳይንስ የታወቀ ምሳሌ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳሙኤል ስቱፈር የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን የአሜሪካ ወታደሮችን አጥንቶ ነበር፤ ውጤቱም በ1949 ታትሟል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአየር ኃይል ውስጥ የማዕረግ ዕድገት ፈጣን ነበር፤ በወታደራዊ ፖሊስ ውስጥ ደግሞ ዘገምተኛ። ታዲያ በዕድገቱ ይበልጥ ያማረረው የትኛው ነው? የአየር ኃይሉ! ፖሊሱ ዙሪያውን ሲያይ ጓደኞቹ ሁሉ እንደ እርሱው ናቸው። የአየር ኃይሉ ወታደር ግን አብሮት የገባው ባልደረባው አልፎት ሲሄድ ያያል። ይህን ስሜት ምሁራን «አንጻራዊ እጦት» ይሉታል። ቴድ ጉር የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ወደ አመፅ ጥናት አመጡት። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ሰውን ለአመፅ የሚያነሳሳው «ይገባኛል» በሚለውና «አገኛለሁ» በሚለው መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ልዩ ትኩረት የሚሻው «ይገባኛል» የምትለው ቃል ናት። ሰው የሚናደደው ስላጣ ብቻ አይደለም። የሚገባውን ሌላ ሰው የወሰደበት ሲመስለው ነው።

የላይና የታች፣ የጎንና የጎን

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። ፖል ኮሊየርና አንክ ሆፍለር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2004 ባወጡት የታወቀ ጥናት የብዙ አገሮችን የእርስ በርስ ጦርነት መርምረው፣ በግለሰቦች መካከል ያለው የገቢ ልዩነት ጦርነት መነሳት አለመነሳቱን ብዙም አይተነብይም ብለው ደመደሙ። እንደ እነርሱ ቅሬታ የሌለበት አገር የለም፤ ጦርነት የሚነሳው ተዋጊ ለማደራጀት ገንዘቡና ዕድሉ ባለበት ነው። «ታዲያ ልዩነት ግጭት ያመጣል የምትሉት ከየት የመጣ ነው?» የሚል ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ፍራንሲስ ስቱዋርት ለዚህ መልስ አላቸው፤ የሚለካው የተሳሳተው ልዩነት ነው ይላሉ። አንድ አገር ውስጥ ሀብታምና ድሃ ግለሰቦች መኖራቸው የላይና የታች ልዩነት ነው። በአንድ ቋንቋ፣ ሃይማኖት ወይም ብሔር በተሰባሰቡ ቡድኖች መካከል ያለው ደግሞ የጎንዮሽ ልዩነት ነው። ድሃ ሰው ብቻውን ሲሆን ዕድሉን ሊረግም ይችላል። ድህነቱ ከሚናገረው ቋንቋ ጋር የተያያዘ ሲመስለው ግን አብሮት የሚናደድ ብዙ ሕዝብ፣ የጋራ ስም፣ የጋራ ትዝታና የጋራ መሪ ያገኛል። ማለትም ለግጭት የሚያስፈልገው ድርጅት ግማሹ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

የጎንዮሽ ልዩነት በገቢ ብቻ አይወሰንም። ማን ሥልጣን ያዘ? ማን ትምህርት ቤት ገባ? የማን ቋንቋ በመሥሪያ ቤት ይነገራል? የማን በዓል ይከበራል? እነዚህ ሁሉ ይቆጠራሉ። ሌላም ልትገነዘቡት የሚገባ ነገር አለ። ላርስ-ኤሪክ ሲደርማንና ባልደረቦቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከአገሩ አማካይ እጅግ ድሃ የሆኑ ቡድኖች ብቻ ሳይሆኑ እጅግ የበለጸጉትም ወደ ግጭት የመግባት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ድሃው «በላብኝ» ይላል፤ ሀብታሙ ደግሞ «እየሠራሁ ያወጡብኛል» ወይም «ሊወስዱብኝ ነው» ይላል። ሁለቱም ተበዳይ ነኝ ባይ ናቸው።

ለምን ስሪላንካን መረጥኩ?

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አንድ ጓደኛዬ «ለምን ስለ ሀገራችን አትጽፍም?» አለኝ። መልሴ ቀላል ነው። ስለ ራሳችን ስናወራ ሁላችንም ጠበቃ ነን። ገና አርዕስቱን ስናይ «ይሄ ለማን ነው የሚያዳላው?» ብለን ነው የምናነበው። ስሪላንካ ውስጥ ግን ለማናችንም ዘመድ የለንም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን በእርጋታ መስማት እንችላለን። ከዚህም በላይ የስሪላንካ ጦርነት አንዱ ሥር እኛው የምናውቀው ነገር ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ።

ስሪላንካ በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ ያለች ደሴት ናት። በ1981 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት 74 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ሲንሃላ ነው፤ አብዛኛው የቡድሃ እምነት ተከታይ። ወደ 13 በመቶ የሚጠጋው በሰሜንና በምሥራቅ የሚኖረው የስሪላንካ ታሚል ነው፤ አብዛኛው የሂንዱ እምነት ተከታይ። እንግሊዞች ለሻይና ለቡና እርሻ ከሕንድ ያመጧቸው ሌሎች ታሚሎችና ታሚልኛ የሚናገሩ ሙስሊሞችም አሉ።

የሰሜኑ ጃፍና ደረቅ አገር ነው፤ ትልቅ ወንዝ የለውም። ከ1816 ጀምሮ የአሜሪካ ሚሲዮናውያን እዚያ ገብተው ትምህርት ቤቶች ከፈቱ። መሬቱ ስለማያበላ የጃፍና ቤተሰቦች ተስፋቸውን በትምህርት ላይ ጣሉ። እንግሊዝኛ የተማሩት ልጆቻቸው በቅኝ ገዥው መንግሥት ጸሐፊ፣ ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ። አገሪቱ በ1948 ነፃ ስትወጣ ታሚሎች በመንግሥት ሥራና በሙያው መስክ ከቁጥራቸው በላይ ድርሻ ነበራቸው።

አሁን ይህን ከሁለት ወገን ተመልከቱት። የታሚሉ አባት «ልጄ ሌት ተቀን አጥንቶ፣ ፈተና አልፎ ነው ሥራ የያዘው። ምን ሰረቀ?» ይላል። የሲንሃላው ገበሬ ደግሞ «አገሩ የእኛ፣ ብዙዎቹ እኛ፤ መሥሪያ ቤት ስሄድ ግን ወንበሩ ላይ ያሉት እነሱ፣ የሚናገሩት እንግሊዝኛ! ልጄ እንግሊዝኛ የሚማርበት ትምህርት ቤት እንኳ በአካባቢዬ የለም» ይላል። የትኛው ዋሸ? ማንም አልዋሸም።

በዚህ ላይ ሲንሃላዎች በደሴቲቱ አብላጫ ይሁኑ እንጂ ከጠባቡ ባሕር ማዶ በደቡብ ሕንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ታሚሎች አሉ። ስለዚህ ራሳቸውን የሚያዩት ሊዋጥ እንደተቃረበ ትንሽ ሕዝብ ነበር። አጥኚዎች «የአናሳ ስሜት ያለው አብላጫ» የሚሏቸው በዚህ ምክንያት ነው። ታሚሎቹ ደግሞ በበኩላቸው በገዛ አገራቸው የሚረገጥ አናሳ ነን ብለው ያምናሉ። እንግዲህ ሁለት ፈሪ ሕዝብ በአንድ ደሴት ላይ ማለት ነው።

ቋንቋና ነጥብ

በ1956 በተደረገው ምርጫ ሰሎሞን ባንዳራናይኬ ሲንሃልኛን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደርጋለሁ ብለው ቀሰቀሱና አሸነፉ። ሕጉም በዚያው ዓመት ወጣ። ለሲንሃላው ገበሬ ይህ ፍትሕ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ግንብ ፈረሰለት። ለታሚሉ ጸሐፊ ግን በአንድ ቀን መሃይም የመሆን ያህል ነበር። ተቃውሞ ተነሳ፣ ደም ፈሰሰ። በ1957 ባንዳራናይኬ ከታሚሉ መሪ ከቼልቫናያካም ጋር ለታሚልኛና ለአካባቢ ምክር ቤቶች ቦታ የሚሰጥ ስምምነት ተፈራረሙ። መነኮሳትና ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ስለተነሱባቸው በ1958 ስምምነቱን ቀደዱት። በዚያው ዓመት ከባድ የብሔር ግጭት ተቀሰቀሰ። ባንዳራናይኬ ራሳቸው በ1959 በአንድ የቡድሃ መነኩሴ ተገደሉ።

ከዚያ ወደ ነጥቡ ልምጣ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናና የሕክምና ትምህርት ክፍሎች ከገቡት ተማሪዎች ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ታሚሎች ነበሩ። በሲንሃላዎች ዘንድ «ታሚል አራሚዎች ለወገናቸው ነጥብ ይጨምራሉ» የሚል ወሬ ተናፈሰ። ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። ግን «ሰው አላቸው» ለምትል ወሬ ማስረጃ ማን ይጠይቃል? እኛስ ጠይቀን ነበር?

በ1971 መንግሥት የመግቢያውን ነጥብ በፈተናው ቋንቋ ለየው። ለሕክምና ትምህርት በታሚልኛ የተፈተነ ተማሪ ከ400 ቢያንስ 250 ማምጣት ሲኖርበት፣ በሲንሃልኛ ለተፈተነው 229 በቂ ሆነ። በቀጣዮቹ ዓመታት ውጤትን በቋንቋ እየለዩ «ማስተካከል» ቀጠለ፤ በ1974 ደግሞ የአውራጃ ኮታ ተጨመረበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ በምሕንድስና የታሚሎች ድርሻ ከአምስት አንድ በታች ወረደ።

መንግሥትም ምክንያት ነበረው። በገጠር ያሉት ትምህርት ቤቶች ላብራቶሪም የሳይንስ መምህርም አልነበራቸውም፤ የጃፍናና የኮሎምቦ ትምህርት ቤቶች ነበራቸው። በዚያው በ1971 ሚያዝያ ደግሞ ተምረው ሥራ ያጡ የሲንሃላ ወጣቶች በመንግሥት ላይ የትጥቅ አመፅ አንስተው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀው ነበር። የአውራጃ ኮታውም ቢሆን ከኋላ ቀር አውራጃ የመጡ ሲንሃላዎችንና ሙስሊሞችን ጠቅሟል፤ የጎዳው የጃፍና ልጆችን ሲሆን የኮሎምቦዎቹም ጥቂት አጥተዋል። በወረቀት ላይ ብታዩት «ለተጎዱ አካባቢዎች ድጋፍ» ነው።

ግን እስቲ ራሳችሁን በአንድ የጃፍና ልጅ ቦታ አስቀምጡ። ነጥቡ 245 ነው። ያልገባበትን ወንበር 230 ያመጣ ሰው እንደያዘው ያውቃል። ልዩነቱ የአውራጃ ድህነት ነው ቢሉት አይሰማም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የተለየው በአውራጃ ሳይሆን በቋንቋ ነው። በጠቅላላው የጠፋው ወንበር በዓመት ቢበዛ በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ የተቆጣው ግን የመላው ሰሜን ወጣት ነው። ምክንያቱም ነጥቡ መልእክት ነበር። «ምንም ያህል ብትደክም፣ ማንነትህ 21 ነጥብ ያስቀንስብሃል» የሚል መልእክት። መሬቱ ደረቅ ለሆነ፣ የመንግሥት ሥራ በቋንቋ ለተዘጋበት ሕዝብ፣ ዩኒቨርሲቲ የቀረችው የመጨረሻ በር ነበረች። ልዩነት ሲለካ የወንበር ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስንት በር እንደቀረም መታየት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ከቅሬታ ወደ ጥይት

ይሁን እንጂ ቅሬታ ብቻውን ጦርነት አይሆንም። በመካከል ሌሎች ደረጃዎች አሉ። ከስሪላንካ የተረዳኋቸውን ሦስት ልጥቀስ።

አንደኛው፣ የሰላሙ መንገድ ተስፋ ማጣት ነው። የታሚል ሽማግሌዎች ለሃያ ዓመት ያህል በፓርላማ ተከራከሩ፣ ሰልፍ ወጡ፣ ተፈራረሙ። በ1957 የተፈረመው ፈረሰ፤ በ1965 የተደረገው ሌላ ስምምነትም ሳይፈጸም ቀረ። በ1972 የወጣው ሕገ መንግሥት ለቡድሃ እምነት ቅድሚያ ሰጠ። በግንቦት 1976 የታሚል ፓርቲዎች ተሰብስበው የራሳችን አገር ይኑረን ብለው ወሰኑ። ወጣቶቹ ግን ውሳኔውንም አልጠበቁም። «እናንተ በወሬ ምን አመጣችሁ?» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። በዚያው ዓመት የታሚል ነብሮች የተባለው ታጣቂ ድርጅት ተመሠረተ። መሪው ቬሉፒላይ ፕራብሃካራን ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ከእኔና ከእናንተ ዕድሜ ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛው፣ በቅሬታው የሚነግዱ ሰዎች መኖራቸው ነው። በሲንሃላ በኩል ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተራ በተራ ያደርጉት የነበረው አንድ ነገር ነው። ሥልጣን ላይ ያለው ለታሚሎች ትንሽ ሊሰጥ ሲነሳ፣ ተቃዋሚው «አገር ሸጠ!» ብሎ ይጮሃል። ተራው ሲደርስ ደግሞ ያው ይሆናል። ድምፅ የሚገኘው በማስታረቅ ሳይሆን በማስፈራራት ሆነ። በታሚል በኩልም ነብሮቹ ለዘብ ያሉትን የገዛ ወገኖቻቸውን መሪዎች እየገደሉ «የታሚል ድምፅ እኛ ብቻ ነን» አሉ።

ሦስተኛው፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ቅሬታው መልኩን መቀየሩ ነው። በ1981 የጃፍና ቤተ መጻሕፍት ከ90,000 በላይ መጻሕፍቱ ጋር ተቃጠለ። በመማር ለሚኮራ ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። በሐምሌ 1983 ነብሮቹ 13 ወታደሮችን በደፈጣ ገደሉ። ከዚያ በኮሎምቦና በሌሎች ከተሞች ሕዝብ በታሚሎች ላይ ተነሳ፤ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ፣ ሰው በየመንገዱ ተገደለ። የሟቾቹ ግምት ከመቶዎች እስከ 3,000 ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ስለ ነጥብ የሚያወራ አልነበረም። መንግሥት የመግቢያ ሥርዓቱን ከ1977 በኋላ አሻሽሎት ነበር፤ በ1987 ደግሞ ታሚልኛን የመንግሥት ቋንቋ አደረገ። በ1956 ወይም በ1971 ቢሆን ኖሮ ሰላም ያመጡ የነበሩ እርምጃዎች ናቸው። ግን ሰው ቤቱ ከተቃጠለና ወንድሙ ከሞተ በኋላ የመጣ ማስተካከያ ማንንም አላጠገበም።

ጦርነቱ እስከ ግንቦት 2009 ቆየ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት የሟቾቹን ቁጥር ከ80,000 እስከ 100,000 ያደርሰዋል። ተበዳይ ነኝ ማለት ደግሞ ሌላውን ከመበደል አይከለክልም። ነብሮቹ ሕፃናትን አስታጥቀዋል፤ በ1990 ወደ 70,000 የሚጠጉ ሙስሊሞችን ከሰሜን በአጭር ቀናት ውስጥ አባርረዋል። የመንግሥት ጦርም በመጨረሻዎቹ ወራት በሲቪሎች በተጨናነቀች ጠባብ የባሕር ዳርቻ ላይ ከባድ መሣሪያ አዝንቧል። እስከ ዛሬ የጠፉ ልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው የሚጠይቁ እናቶች አሉ።

ማሌዢያስ?

«ስለዚህ ኮታ ሁሉ ጦርነት ያመጣል ማለትህ ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ማሌዢያን ውሰዱ። እዚያም አብላጫዎቹ ማሌዎች ድሃ፣ አናሳዎቹ ቻይናውያን በንግድ የበረቱ ነበሩ። በግንቦት 13 ቀን 1969 በኩዋላ ሉምፑር ከባድ ግጭት ተነስቶ በመንግሥት ቆጠራ 196 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ መንግሥት በ1971፣ ልክ ስሪላንካ ነጥቡን በለየችበት ዓመት፣ ማሌዎችን በትምህርት፣ በሥራና በሀብት የሚደግፍ ሰፊ ፖሊሲ ጀመረ። በ1970 የማሌዎች የአክሲዮን ድርሻ 2.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሃያ ዓመት 30 በመቶ እንዲሆን ታቀደ።

ቻይናውያኑ አልተቀየሙም ማለት አይደለም፤ በዩኒቨርሲቲ ኮታው ብዙ አማርረዋል፣ ያማርራሉም። የእርስ በርስ ጦርነት ግን አልመጣም። ለምን? የተለያየ ማብራሪያ አለ። እኔን ያሳመኑኝ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ኢኮኖሚው በእነዚያ ሃያ ዓመታት በአማካይ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ያድግ ስለነበር ለማሌው የተጨመረው በአመዛኙ ከአዲሱ እንጂ ከቻይናዊው መሶብ ላይ ተነስቶ አልነበረም። በስሪላንካ ግን ወንበሩ አልጨመረም፤ አንዱ እንዲገባ ሌላው መውጣት ነበረበት። ሁለተኛው ስቱዋርት አጥብቀው የሚያነሱት ነጥብ ነው። ሥልጣንና ሀብት በአንድ እጅ ሲገቡ አደጋው ይከፋል። በማሌዢያ ማሌዎች መንግሥቱን ሲመሩ ቻይናውያን ንግዱን ይዘው ቀሩ፤ የቻይናውያን ፓርቲም በጥምር መንግሥቱ ውስጥ ወንበር ነበረው። ታሚሎች ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ቋንቋውንም፣ ሥራውንም፣ ትምህርቱንም፣ በመንግሥት ውስጥ የሚሰማ ድምፃቸውንም በአንድ አቅጣጫ አጡ። ሁሉም በር በአንድ ወገን ሲዘጋ፣ ውጭ የቀረው ሰው በሩን ለመስበር ማሰቡ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ለእኔ የቀሩኝን ልጥቀስ።

«ተበልጠናል» የሚልን ሰው «ስሜትህ ነው እንጂ እውነት አይደለም» ብሎ ማሰናበት ስህተት ነው። ብዙ ጊዜ ከስሜቱ ሥር ትንሽም ቢሆን እውነት አለ፤ ውሃው በሳምንት አንድ ቀን ይጎድል ነበር። በሌላ በኩል ስሜቱን እንዳለ መቀበልም ስህተት ነው፤ ሌላው ወገንም ባዶ ባልዲ ደርድሮ ሊሆን ይችላልና። የእኛ የተማሪዎች ሥራ መቁጠር ነው። ስንት ነው ልዩነቱ? ከማን ጋር ሲነጻጸር? ከየት ጊዜ ጀምሮ? ምክንያቱ ማንነት ነው ወይስ ቧንቧው?

መንግሥትም ሆነ ማንኛውም ኃላፊ የተጎዳን ሲደግፍ መስፈርቱን በችግር እንጂ በስም ባይለየው ይመረጣል። የሚጎዳው ወገን ደግሞ ምክንያቱን አስቀድሞ ሊሰማ ይገባል። 250 እና 229 የሚሉ ቁጥሮች ያለ ማብራሪያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ፣ ማብራሪያውን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። አባቶቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ይላሉ። እኔ የምጨምረው፣ ማጭዱን መደበቁ ብቻ አይበቃም፤ ሆዱ ለምን እንደባሰው በጊዜው መጠየቅ ይሻላል። ስሪላንካ የጠየቀችው ዘግይታ ነው።

የዶርሙን ታሪክ ሳልጨርስ አልለያችሁም። የቆጠርነውን በወረቀት ጽፈን ከሁለቱም ብሎክ አራት ልጆች ሆነን ለኃላፊው ሰጠን። ውሃው አልጨመረም፤ ቧንቧውም እኔ እስከማውቀው አልተቀየረም። የተደረገው ነገር ቢኖር የፈረቃው ፕሮግራም በየብሎኩ በር ላይ መለጠፉና፣ ግፊት በሚቀንስበት ቀን የእኛ ልጆች ከታችኛው ብሎክ እንዲቀዱ መፈቀዱ ነው። ወሬው ቀነሰ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ያ «ሰው አላቸው» ያለው የዶርሜ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ «ይሄንንም የጻፉት እነሱ ናቸው» አለ። ከጻፍነው አንዱ እኔ መሆኔን ነገርኩት። ዝም አለ። በማግስቱ ጄሪካኑን ይዞ አብሮኝ ወደ ታች ወረደ።

ሐሳባችሁንና ትችታችሁን በአካልም ሆነ በዚህ ቡለቲን ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ሰላም ሁኑ!